ፎቶው ያለው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ተቀምጧል አትበሉ

አባዬ ባረፈ ማግስት፣ ገና ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ፣ አጎቴ ወደ እኔ መጥቶ «አንተ ፎቶውን አዘጋጅ እንጂ» አለኝ። ሌላውን ሁሉ እድሩ ይሠራዋል። ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ፎቶ ግን ከቤተሰብ በቀር ማንም አያመጣም። እኛ ቤት ደግሞ የፎቶ ጉዳይ የእኔ ነው። በየበዓሉ፣ በየልደቱ፣ አባዬ ጋዜጣውን ይዞ በረንዳ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ስልኬን የማወጣው እኔ ነበርኩ። «ምን ታደርገዋለህ ይሄን ሁሉ?» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ከዚያ ቀን አንድ ዓመት ገደማ በፊት ስልኬ «ቦታ የለም» እያለ አላሠራ አለኝ። ካሜራ ስከፍት ቦታ የለም፤ ቴሌግራም ላይ የሆነ ነገር ላውርድ ስል ቦታ የለም። ስለዚህ ባለ 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ የስምንት ዓመት ፎቶና ቪዲዮ ወደሱ አዛወርኩና ስልኬን ባዶ አደረግሁት። እንዴት ቀለል እንዳለኝ! ዲስኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከቤት ካርታና ከትምህርት ማስረጃ ጋር አስቀመጥኩት። አልፎ አልፎ ፊልም ለማየት አወጣው ነበር። አንድ ምሽት ፊልም እያየሁ ኬብሉ እግሬ ላይ ተጠላልፎ ዲስኩ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አነሳሁት፣ አገላብጬ አየሁት፣ የተሰበረ ነገር የለውም። «ደህና ነው» ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት።

በለቅሶው ጠዋት ላፕቶፑ ላይ ስሰካው መብራቱ በራ። ከዚያ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ… የሚል ድምፅ ብቻ። ነቅዬ ሰካሁት። ሌላ ኬብል ቀየርኩ። የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት። ያው ጠቅ ጠቅ ነው።

በመጨረሻ ፎቶ የተገኘው ከዱባይ ነው። እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት በቴሌግራም የላክሁላትን አንድ የፋሲካ ፎቶ ከቻታችን ቆፍራ አውጥታ ላከችው። ማተሚያ ቤት ወስጄ ሲያሳድጉት ደበዘዘ። ለቀስተኛው ልብ አላለውም። እኔ ግን ሦስቱን ቀን ሙሉ ያንን የደበዘዘ ፊት እያየሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ፎቶዎቹን ያጠፋኋቸው ዲስኩ የወደቀ ቀን አይደለም። ከስልኬ የሰረዝኳቸው ቀን ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እኔ ከሄደብኝ በኋላ የተማርኩትን፣ እናንተ ሳይሄድባችሁ ብታውቁት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ማዛወርና ማስቀመጥ ለየቅል ናቸው

አብዛኞቻችን ኤክስተርናል የምንገዛው ስልካችን ሲሞላ ነው። ስለዚህ ዲስኩን የምናየው እንደ ዕቃ ቤት ነው፤ ሳሎን የጠበበውን ወደዚያ እንወረውራለን። ፎቶው ከስልክ ወጥቶ ዲስክ ውስጥ ሲገባ «ሴቭ አደረግሁት» እንላለን። ነገር ግን የፎቶው ቁጥር አልጨመረም። ትናንትም አንድ ነበር፣ ዛሬም አንድ ነው፤ የተቀየረው አድራሻው ብቻ ነው። እንዲያውም ስልክ ሁልጊዜ ከእጃችን ስለማይለይ ሲበላሽ ወዲያው እናውቃለን። መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ ግን ሲሞት የሚነግረን የለም። የምናውቀው በፈለግነው ቀን ነው።

ባክአፕ ማለት ሌላ ቅጂ ማለት ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ቀጥ ብሎ የሚገኝ ከሆነ ያኔ ተቀምጧል ይባላል። አባቶች «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለሰው ነው፤ ለሃርድ ዲስክም በደንብ ይሠራል።

ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋል?

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ከስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ እንደ ስልኩ ይለያያል፤ በአማካይ 4 ሜጋ ብንለው 30,000 ፎቶ 120 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። በአዳዲሶቹ አይፎኖች በፎርኬ ጥራት የሚቀረፅ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በተለመደው አቀራረፅ 170 ሜጋ አካባቢ ይይዛል። አንድ ሰዓት ማለት 10 ጊጋ ነው። የአንድ ሠርግ ሙሉ ቀረፃ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ ለብዙዎቻችን 1 ቴራ ለጥቂት ዓመታት ይበቃል። አሁን ያላችሁን ደምሩና እጥፉን ግዙ። ስትሰኩት 1 ቴራው 931 ጊጋ ብሎ ቢያሳያችሁ ተጭበርብሬያለሁ ብላችሁ አትደንግጡ። አምራቾች በ1000 እያበዙ ይቆጥራሉ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024። ዕቃው ያው ነው፣ አቆጣጠሩ ነው የሚለያየው።

ለማወዳደር ያህል፣ በ1956 አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች የተደረደሩበት፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ማሽን ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው። ዛሬ ስልካችሁ ከሚያነሳው ብዙ ፎቶ አንዱን ብትሰጡት ይጨናነቃል።

የሚሽከረከረው ወይስ የማይሽከረከረው?

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ኤክስተርናል አለ። አንደኛው የተለመደው ሃርድ ዲስክ ነው። ውስጡ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ፤ ብዙዎቹ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ። ጽሑፉን የምታነበውና የምትጽፈው ክንድ ሳህኑን አትነካውም። ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ በሚያንስ ክፍተት ከላይዋ ትንሳፈፋለች። ዲስኩ እየሠራ ከወደቀ ያቺ ክንድ ሳህኑ ላይ ታርፋለች፣ ትቧጭረዋለች፣ ወይም ከነጭራሹ ትሰበራለች። የእኔ ዲስክ ከውጭ ጭረት እንኳን አልነበረበትም። ጉዳቱ ውስጥ ነው። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅም ክንዷ ቦታዋን ፈልጋ ስታጣ እየተመለሰች እንደገና ስትሞክር የሚሰማ ነው።

ሁለተኛው ኤስኤስዲ ይባላል። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ እንደ ፍላሽና እንደ ስልካችሁ ሚሞሪ ቺፕ ላይ ነው የሚጽፈው። ፈጣን ነው፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይጎዳም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዋጋው ግን ለተመሳሳይ ጊጋ ይበልጣል። ሌላም ነገር አለ፤ ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢረሳ ቻርጁ ሊሸሽ ይችላል። በዓመት አንድ ሁለቴ ሰካ አድርጎ ማየት ይፈልጋል።

የትኛው ይሻላል? ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ኤስኤስዲ። ቤት ተቀምጦ ብዙ ፎቶ እንዲይዝላችሁ ከሆነ ሃርድ ዲስክ። ገንዘባችሁ ለአንድ ውድ ኤስኤስዲ ወይም ለሁለት ርካሽ ሃርድ ዲስክ የሚበቃ ከሆነ ግን ሳታመነቱ ሁለቱን ግዙ። ሁለት ርካሽ ዲስኮች በአንድ ቀን አብረው የመሞት ዕድላቸው፣ ያ አንድ ውድ ዲስክ ብቻውን ከሚሞትበት ዕድል በጣም ያነሰ ነው።

ገበያ ላይ አትሸወዱ

«16 ቴራ ኤስኤስዲ» ተብሎ በእራት ዋጋ የሚሸጥ ትንሽ ዕቃ አይታችሁ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር በመላው ዓለም የታወቀ ነው። ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋ ያላት ተራ ሚሞሪ ናት፤ ሶፍትዌሯ ግን ኮምፒውተሩን «16 ቴራ ነኝ» ብላ እንድትዋሽ ተደርጋለች። ስትገለብጡበት ያለ ችግር ይቀበላችኋል። የፎልደሩን ስም ያሳያችኋል፣ የፋይሉንም መጠን ያሳያችኋል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ ያለው ፎቶ ግን የለም፣ ወይም የድሮውን እየደመሰሰ ነው የሚጻፈው። ከወራት በኋላ ስትከፍቱት ግራጫ ሳጥን ብቻ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አዲስ ዲስክ ስትገዙ አንድም ፎቶ ሳታስገቡ ፈትኑት። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍስሪ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን እስከ ጫፉ በመሞከሪያ ፋይል ይሞሉታል፣ ከዚያ መልሰው ያነቡታል፤ የጻፉትንና ያነበቡትን ያመሳክራሉ። ትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ማታ ከፍታችሁት ተኙ። ሻጩንም ከመክፈላችሁ በፊት «ፈትኜ ካልሆነ እመልሳለሁ» በሉት። እውነተኛ ዕቃ ያለው ሰው በዚህ አይከፋም።

ፎርማት የሚባለው ነገር

«ዲስኩ ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፣ ስልኬ ላይ ግን እምቢ አለ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማቱ ነው። ዲስክ እንደ ደብተር ነው፤ መስመሩ የተሠመረበት መንገድ አለው። ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የዊንዶውስ ነው፤ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ፋት32 ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ ግን ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ስትገለብጡ መሐል ላይ እምቢ የሚላችሁ ለዚህ ነው። ኤክስፋት የሚባለው ግን በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በአይፎንና በአብዛኞቹ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ይሠራል። ለተራ የፎቶ ፎልደሮች እሱን ምረጡ።

ማክ ተጠቃሚዎች አንድ የተለየ ነገር ልብ በሉ። የአፕል ፎቶስ ላይብረሪን እንዳለ ወደ ኤክስተርናል ማውጣት ከፈለጋችሁ ዲስኩ በአፕል ፎርማት መሆን አለበት፤ ኤክስፋት ላይ አታስቀምጡት። ፎርማት ማድረግ ደግሞ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ስለዚህ ይህ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ነው። ፎቶ ከገባ በኋላ አይነካም።

ከስልክ ሲወጣ

በጣም የተለመደው መንገድ ፎቶን ለራስ በቴሌግራም ልኮ ኮምፒውተር ላይ ማውረድ ነው። ያንን መንገድ ተዉት። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1,280 ነጥብ ይወርዳል። 12 ሚሊዮን ነጥብ የነበረው ፎቶ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ይቀራል፤ ከአሥር አንዱ ማለት ነው። የአባዬ ፎቶ ማተሚያ ቤት የደበዘዘው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ፎቶው መቼ እንደተነሳ የሚናገረው የውስጥ መረጃ ይጠፋል። የግድ በቴሌግራም መላክ ካለባችሁ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ፤ ያኔ እንዳለ ይሄዳል።

የተሻለው ኬብል ነው። ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ የካሜራውን ፎልደር መገልበጥ፣ ወይም ኮምፒውተር ከሌላችሁ በኦቲጂ ዲስኩን ቀጥታ ስልኩ ላይ መሰካት ትችላላችሁ። አይፎንም ከ2019 ጀምሮ በፋይልስ መተግበሪያው ኤክስተርናል ዲስክ ይቀበላል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ብዙ ኃይል ስለሚጠጣ ስልኩ ላያነሳው ይችላል። መብራቱ እየበራ እየጠፋ ካስቸገራችሁ የራሱ ቻርጀር ያለው ማከፋፈያ ይፈልጋል፤ ካልሆነም በላፕቶፕ ሥሩት።

ሌላ ወጥመድ አለ። አይፎን ላይ «ቦታ ቆጥብ» የሚለው አማራጭ ከበራ ዋናው ፎቶ ያለው አይክላውድ ላይ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ትንሹ ምስል ነው። መጀመሪያ ዋናዎቹን ማውረድ አለባችሁ። ጎግል ፎቶስም ቢሆን ነፃ የነበረው ያልተገደበ ማስቀመጫ ሰኔ 1 ቀን 2021 እንደ ፈረንጆቹ አብቅቷል። አሁን ነፃው 15 ጊጋ ነው፤ እሱንም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር ይጋሩታል። ያላችሁን በሙሉ ለማውረድ ጎግል ቴክአውት የሚባል አገልግሎት አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን አትርሱ፤ ክላውድ ከስልካችሁ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ከመተግበሪያው ፎቶ ስትሰርዙ ከዚያም ይሰረዛል። «ክላውድ ላይ አለ» ብለው ስልካቸውን አጽድተው ሁለቱንም ያጡ ሰዎች አሉ። ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የጎግል አካውንትም ሊዘጋና ሊጠፋ ይችላል። ያረፈ ሰው አካውንት ላይ ፎቶ ካለ ቶሎ አውጡት።

ፎልደር ስትሰይሙ

30,000 ፎቶ «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የስልክ ፎቶ የመጨረሻ» በሚሉ ስሞች ከተቀመጠ እንዳለ አይቆጠርም። እኛ ደግሞ ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። ስልኩ የሚጽፈው በፈረንጅ ነው፤ እኛ የምናስታውሰው «የ2017 ጥምቀት» ብለን ነው። የሚያስታርቀው ዘዴ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የፈረንጁን ዓመትና ወር በቁጥር፣ ቀጥሎ በራሳችን ቋንቋ ምን እንደሆነ መጻፍ። ለምሳሌ «2024-09 እንቁጣጣሽ 2017»፣ «2025-01 ጥምቀት 2017»። ቁጥሩ ፊት ስላለ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። በአማርኛ ፊደል መሰየም ምንም ችግር የለውም።

ፎቶ ውስጥ ያሉ ሰዎችንም ስም ጻፉ። አያቶቻችን ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ የሚጽፉት ለጌጥ አልነበረም። አልበም ላይ ያለው ያ ኮት የለበሰ ሰውዬ ማን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ይሄዳሉ። ፎልደሩ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍታችሁ «ከግራ ወደ ቀኝ» ብላችሁ ብትዘረዝሩ አምስት ደቂቃ ነው።

ከመሰረዛችሁ በፊት

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልመለስ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ከስልክ አትሰርዙ። መጀመሪያ በሁለቱም ቦታ ያለውን የፋይል ቁጥርና ጠቅላላ መጠን አመሳክሩ። ከዚያ ዲስኩን በሥርዓት ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት፤ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ጥቂት ፎቶና ቪዲዮ ክፈቱ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ሁለተኛ ዲስክ ገልብጡ። ሁለተኛው ካለ በኋላ ነው መሰረዝ የሚፈቀደው።

«በሥርዓት ነቅላችሁ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተር «ጨረስኩ» ካለ በኋላም ያልተጻፈ ትንሽ ነገር ሊኖረው ይችላል። «አስወጣ» የሚለውን ሳትነኩ ብትመዙት የመጨረሻዎቹ ፋይሎች፣ ሲከፋም የዲስኩ ማውጫ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። መብራት መሄድም ያው ነው። ባትሪ ባለው ላፕቶፕ መገልበጥ ከዴስክቶፕ የሚሻለው በዚህ ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ በሚያስቸግርበት ምሽት ትልቅ ግልበጣ አትጀምሩ።

ቫይረስም አለ። የፎቶ ዲስካችሁን ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት አትሂዱ፤ የሚታተመውን ብቻ በፍላሽ ውሰዱ። ፎልደሮቻችሁ ድንገት ሁሉም ሾርትከት ሆነው ብታገኟቸው ፎርማት አታድርጉ። ያ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን የሚደብቃቸው እንጂ የሚያጠፋቸው አይደለም፤ የሚችል ሰው ይመልሳቸዋል። የቤተሰብ ፎቶ ያለበትን ዲስክም የፊልም ማመላለሻ አታድርጉት። ይህን የምለው አፌን ሞልቼ ነው።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በሰው ዘንድ እንዲታወቅ ያደረገው አንድ ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት የተለያየ ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ለምን ከቤት ውጭ? ሁለቱም ዲስክ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ሌባ ሁለቱንም ይወስዳል፣ እሳትም ሁለቱንም ይበላል።

ከቤት ውጭ ያለ ቅጂ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ታዋቂ ታሪክ አለ። በ1998 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም እየሠራ ሳለ አንድ ሰው በስህተት የመሰረዣ ትእዛዝ ሰጠና የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ጠፋ። ባክአፕ አለ ብለው ሲሄዱ፣ ባክአፑ ለካ በትክክል አይሠራም ነበር፤ ማንም አላየውም። ፊልሙን ያዳነችው ጌሊን ሱስማን የምትባል የቴክኒክ ኃላፊ ናት። በቅርቡ ስለወለደች ከቤቷ ትሠራ ነበርና ቅጂው ቤቷ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት የተረፈው አራስ ቤት በነበረ ኮምፒውተር ነው።

ለእኛ ደግሞ «ከቤት ውጭ» የሚለው ከባድ አይደለም። ቤተሰቡ በአንድ ከተማ ብቻ ያለ ሰው ስንት ነው? አንዱ ደሴ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ዋሽንግተን። ቡናና በርበሬ በሰው የምንልክ ሕዝብ ነን። በዚያው ሻንጣ ውስጥ አንድ ዲስክ ቢጨመር ምን ይከብዳል? በልብስ ተጠቅልሎ ይሂድ። ተቀባዩም ፎቶውን ያያል፣ ይደሰታል፤ ሳያውቀው የቤተሰቡ መዝገብ ጠባቂ ይሆናል። በየዓመቱ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ዲስኩ ይመለሳል፣ አዲሱ ይጨመርበታል። የሚያሳፍር ወይም የግል ነገር ካለበት በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል። ግን የይለፍ ቃሉን ሌላ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቀው። ቁልፉን እናንተ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፎቶውም አብሯችሁ ይሄዳል።

አስቀምጦ መርሳትም የለም። ሃርድ ዲስክ ዘላለማዊ ዕቃ አይደለም፤ ጥቂት ዓመት ካገለገለ በኋላ መተካት ይኖርበታል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ያሳያል። «ጥንቃቄ» ካለ ሳይውል ሳያድር ገልብጡ።

ክፉ ቀን ከመጣስ? ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ካለ ወዲያው ንቀሉት። እኔ እንዳደረግሁት ደጋግሞ መሰካት የተቧጨረውን የበለጠ መቧጨር ነው። ከፍቶ ማየት፣ መምታት፣ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚሉትን ምክሮች አትስሙ። ፎቶው በስህተት የተሰረዘ ብቻ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉበት፣ ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ።

የእኔስ ምን ሆነ?

ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። የተጠየቅሁት ከዲስኩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር፤ ከፈልኩ። ከፊሉ ተመለሰ፤ ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ሁሉም በቁጥር የተሰየመ። አባዬ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ይዞ ካለባቸው ፎቶዎች አራት ተገኙ። ለልጅ ልጁ ተረት ሲያወራ የቀረፅኩት የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ አልተገኘም። ፊቱን በፎቶ አስታውሳለሁ። ድምፁን ግን አንዳንዴ ላስታውሰው ስሞክር ይጠፋብኛል።

አሁን ቤታችን ሁለት ዲስክ አለ። አንዱ ከእኔ ጋር ነው፤ ሁለተኛውን ታናሽ ወንድሜ ይዞት ሄዷል። ሦስተኛው እህቴ ዘንድ ዱባይ ነው፤ ለእረፍት መጥታ ስትመለስ ከበርበሬው ጋር ወሰደችው። ባለፈው እሑድ እማዬ ቡና ስትቆላ ስልኬን አውጥቼ መቅረፅ ጀመርኩ። ቀና ብላ አየችኝና «ደግሞ ይሄን ሁሉ ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ።

«ሦስት ቦታ አስቀምጠዋለሁ እማዬ» አልኳት።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ስልካችሁን ክፈቱና ብታጡት በጣም የሚቆጫችሁን አንድ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ፈልጉ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይሄ ነገር ሌላ የት አለ? መልሱ «የትም» ከሆነ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ለአንድ የምትወዱት ሰው በፋይል ላኩት። ዲስኩን ደመወዝ ሲመጣ ትገዙታላችሁ።